ሁለተኛው ገጽ

«የዕብዱን ወረቀት ዛሬ ሊሸጡት ነው አሉ።»

«የየትኛው ዕብድ?»

«ራሲም የሚሉት ሰውዬ። አንተ ከመቀጠርህ በፊት ነው። የባንኩን መቶ ሰማንያ ሚሊዮን ሊራ አቃጥሎ የተባረረው።»

«ያቃጠለው ወረቀት ታዲያ እንዴት ይሸጣል?»

«የሚያስቀውስ እሱ አይደል! አሁን ቢሊዮን ከሁለት መቶ ሚሊዮን ያወጣል። ይህን ያገኙት አቶ ታንጁ ናቸው። የዘንድሮ ቦነሳችን ከዚያ ነው የሚመጣው፤ ሰውዬው ግን አምፖል ይሸጣል አሉ።»

ኔርሚን ይህን የሰማችው ከኡስኩዳር ወደ በሺክታሽ በምትሻገረው ጀልባ ላይ፣ ከጀርባዋ ካለው አግዳሚ ነው። የመጋቢት መጨረሻ ነበር። ጉሙ ባሕሩን ከነማዶው ስለዋጠው ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ውስጥ ገብቶ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። መስኮቶቹ ወተት የተቀቡ ይመስላሉ። የሌሎች መርከቦች ጥሩምባ አንዴ ከቅርብ፣ አንዴ ከሩቅ፣ ከየት እንደሚመጣ ሳይለይ ይሰማል፤ ጀልባዋ ራሷ ትሂድ ትቁም አይታወቅም። ኔርሚን በእጇ የያዘችውን የሻይ ብርጭቆ ዝቅ አድርጋ አየችው። ዋጋው ካለፈው ሳምንት በሁለት ሊራ ጨምሯል፤ ሻይ አዟሪው እንደ ጥፋተኛ እየተሽኮረመመ ነበር የነገራት። ዞራ ልጆቹን አላየቻቸውም። ድምፃቸው የወጣት ድምፅ ነው፤ የባንኩ አራተኛ ፎቅ ልጆች መሆን አለባቸው፣ እሷ ደግሞ የምትሠራው አሥራ አንደኛው ፎቅ ስለሆነ አያውቋትም። ራሲም ታላቅ ወንድሟ መሆኑን፣ ዛሬ ጠዋት ዳቦዋን ቆርሶ አይብ የቀባላት እሱ መሆኑን አያውቁም። ሻዩ በእጇ ላይ ቀዘቀዘ። ጀልባዋ ከወደቡ ጎማ ጋር ስትጋጭ ነው መድረሳቸውን ያወቀችው።

እቤት ሦስት ናቸው፤ እሷ፣ ራሲምና እናታቸው ወይዘሮ ሳብሪዬ። እናትየው አንድ ጆሯቸው አይሰማም፤ ቴሌቪዥኑ ከጠዋት እስከ ማታ ይጮኻል። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ ጩኸት ሥር ስለ ዳቦ፣ ስለ ጋዝ ቆጣሪው፣ ስለ እናታቸው የደም ግፊት ኪኒን ሲነጋገሩ ኖረዋል። ስለ ባንኩ አንድም ቀን አልተነጋገሩም። አልተጣሉም፤ ተጣልተው ቢሆን መታረቅ ይቻል ነበር። ራሲም ሥራውን ባጣ በሁለተኛው ወር የማታ እራት ላይ «መብራት መሸጫ ሱቅ ገባሁ» አለ፤ እሷም «ደግ» አለች፤ እናታቸው «ምን አለ?» ሲሉ ማንም ሳይመልስላቸው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ራሲም ሁልጊዜ ቀድሟት ይነሳል፣ ቁርስ ያቀርባል፣ ኮቷ ላይ ክር ካየ ያነሳላታል፣ ከበሩ ላይ ቆሞ ይሸኛታል። ያ ደግነቱ ነበር የሚያስጨንቃት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ባንኩ ለብዙ ሺህ ሰዎች በአሥር ዓመት የሚከፈል የቤት ብድር ሰጥቷል፤ ወለዱ በወር አንድ በመቶ የማይሞላ ነው፣ እስከ መጨረሻው ቀን አይለወጥም። ያበደረው ገንዘብ ግን የአስቀማጮች ነው፤ አስቀማጩ ደግሞ በየሠላሳ ሁለት ቀኑ መጥቶ «አሁንስ ስንት ትሰጡኛላችሁ?» ይላል፤ ካልተስማማው ገንዘቡን ይዞ መንገድ ተሻግሮ ሌላ ባንክ ይገባል። የገበያው ወለድ የጨመረ ዕለት ባንኩ ለአስቀማጩ የሚከፍለው ከቤት ባለዕዳው ከሚቀበለው ይበልጣል። ያኔ የኔርሚን ክፍል ኃላፊ የነበረው ራሲም ይህን አስቦ ከአንድ የለንደን ባንክ ጋር ውል ገባ። ውሉ እንዲህ የሚል ነበር፦ እኛ በየሦስት ወሩ የተቆረጠ፣ የማይለወጥ ወለድ እንከፍላችኋለን፤ እናንተ ደግሞ የዕለቱ ገበያ ያለውን ትከፍሉናላችሁ። ወለድ ቢጨምር እነሱ ይጨምሩልናል፣ ለአስቀማጩ እንሰጠዋለን። ቢቀንስ እኛ እናጣለን፣ ግን አስቀማጩም ያኔ ገንዘቡን በርካሽ ወለድ ያስቀምጣል። የተፈራረሙበት ዓመት ወለድ ወረደ። የውሉ ወረቀት ለብቻው ሲታይ መቶ ሰማንያ ሚሊዮን ሊራ ኪሳራ አሳየ። አቶ ታንጁ፣ ምክትል ሥራ አስኪያጁ፣ ኔርሚንን ጠርቶ «ለኮሚቴው ቁጥሩን ብቻ ጻፊ፤ ታሪክ አያስፈልግም» አላት። ተቀማጩ በረከሰ ጊዜ በሌላ በኩል የተረፈውን የምታሳይበት ሁለተኛ ገጽ አዘጋጅታ ነበር። ጠረጴዛዋ ውስጥ አስቀረችው። የጻፈችው ቁጥር ትክክል ነበር፤ ማንም ውሸታም ሊላት አይችልም። ራሲም በሳምንቱ ዕቃውን በካርቶን ይዞ ወጣ።

አሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ጉሙ ከመስኮቱ በታች ተኝቶ ነበር። ከሌቬንት ሰፈር ፎቆች ጫፍ ጫፋቸው ብቻ ይታያል፤ ከተማዋ በሌሊት ተነሥታ የሄደች፣ ጥቂት ፎቆችን ብቻ ረስታ የሄደች ትመስላለች። አቶ ታንጁ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ፤ እንዲህ የሚቀመጠው የሚፈልገው ነገር ሲኖር ነው። ሽቶው ጣፋጭ ነው።

«ኔርሚን፣ እህቴ፣ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ኮሚቴ አለ። ወለድ አሁን ስለናረ የለንደኑን ውል ዛሬ ብናፈርሰው ቢሊዮን ከሁለት መቶ ሚሊዮን ባንዴ ይከፍሉናል። ሩብ ዓመቱ ነገ ይዘጋል። ያንቺ ፊርማ ነው የቀረው። ቁጥሩን ብቻ ጻፊ።»

«ከተሸጠ በኋላ የቤት ብድሩን ኪሳራ በምን እንሸፍነዋለን?» አለችው።

«ወለድ ከዚህ በላይ የት ይሄዳል? ይወርዳል እንጂ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስለ ራሲም ደግሞ ሳላስብ የቀረሁ እንዳይመስልሽ። ይሄ ትርፍ ከተመዘገበ የሱ ሥራ ነው ብዬ ራሴ ኮሚቴው ፊት እናገራለሁ። በአማካሪነት እመልሰዋለሁ፤ ክፍሉም፣ ደሞዙም፣ ስሙም። እስከ መቼ አምፖል ሲጠመዝዝ ይኖራል? ሰው አይደለም እንዴ?»

ከሄደ በኋላ ኔርሚን ኮምፒውተሯ ላይ ያለውን ቁጥር ስታየው አረፈደች። ልጆቹ ጀልባ ላይ ያሉትን ሁሉ በአንድ ፊርማ ማጥፋት ትችላለች። ራሲም ጠዋት ከረባቱን አስሮ፣ ከእሷ ጋር በአንድ ጀልባ፣ ጎን ለጎን ተቀምጦ ሲሻገር ታያት። እናታቸው በመስኮት እጃቸውን ያውለበልባሉ። በዚያ ሐሳብ ውስጥ ምን ያህል እንደቆየች አታውቅም፤ ስልኳ ሲጮኽ ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ስልኩን ሳታነሳ ኮቷን ለብሳ ወጣች፣ የምድር ውስጥ ባቡር ይዛ ሺሽሃኔ ወረደች።

መንገዱ ዛሬም የባንኮች ጎዳና ይባላል፤ ባንኮቹ ግን ትተውት ከሄዱ ቆይተዋል። ከጥርብ ድንጋይ በተሠሩት ሕንፃዎች ሥር፣ ገንዘብ ቤት በነበሩት ክፍሎች፣ አሁን መብራት ይሸጣል። እንዲህ ባለ የጉም ቀን ባለሱቆቹ ዕቃቸው እንዲታይ ሁሉንም ያበሩታል። ቁልቁል ስትወርድ በግራም በቀኝም ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ እንደ ማር የወፈረ ብርሃን በጉሙ ላይ ፈስሶ፣ የሚያልፉት ሰዎች ፊት አንዴ ይፈካል አንዴ ይጠፋል። እሷ ሦስት ዓመት ሙሉ እዚህ መጥታ አታውቅም። የሱቁን ስም የምታውቀው ራሲም እቤት ካመጣው እስክሪብቶ ላይ አንብባ ነው። ገብታ በጣሪያው ሙሉ በተንጠለጠሉት መብራቶች ሥር ቆመች፤ ሙቀታቸው አናቷን ነካት። ባለሱቁ ሽማግሌው ኦኒክ ከመነፅራቸው በላይ አዩዋትና ወደ ውስጥ ተጣሩ።

«ራሲም! ይህችማ እህትህ ናት፤ አፍንጫዋ ይመሰክራል። አንቺ፣ መብራት ልትገዢ ከሆነ ቅናሽ የለም። እሱን ልትወስጂ ከመጣሽ ደግሞ ዋጋው ውድ ነው፣ ዕወቂው!»

ራሲም መሰላል ላይ ነበር፤ አንድ ትልቅ ባለብዙ ቅርንጫፍ መብራት ላይ ሽቦ እየቀጠለ ነው። አያት፣ አልወረደም። «እማዬ ደህና ናት?» አለ። «ደህና ናት።» «ምሳ በልተሻል?» «አልበላሁም።» በክርኑ ወደ ጠረጴዛው አመለከታት፤ ግማሽ ሲሚት፣ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ክብ ዳቦ፣ ከወይራ ጋር በወረቀት ላይ አለ። ቁራሽ ቆርሳ በእጇ ያዘችው። ከዚያ በቆመችበት፣ ወደ ላይ እያየች፣ ሁሉንም ነገረችው፤ ልጆቹ ጀልባ ላይ ያሉትን ብቻ ዘለለችው። ታንጁ ያለውን፣ ክፍሉን፣ ደሞዙን፣ ስሙን ነገረችው። ሦስት ዓመት ሙሉ አፏ ላይ ያልመጣው የባንኩ ስም በመብራቶቹ መካከል ሲነገር ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ራሲም ጣቶቹን አላቆመም። ሽቦውን ላጠ፣ ጠመዘዘ፣ በፕላስተር ጠቀለለ። ኦኒክ የሆነ ሥራ እንዳላቸው አስመስለው ወደ ጓዳ ገቡ።

«ተቀማጩ ስንት ቀን ነው የሚቆየው?» አለ ራሲም በመጨረሻ።

«ሠላሳ ሁለት።»

«ቤቶቹስ?»

«ሰባት ዓመት ይቀራቸዋል።»

«አልተቀየረማ።» ሌላኛውን ሽቦ አነሳ። ከላይ ያለው ብርሃን ፊቱን ስለሸፈነው ምን እንደሚያስብ አላየችም። «እኔን ከሂሳቡ አውጪኝና እንደገና አስቢው» አላት። «ሲሚቱን ጨርሺው። ቅድም ትኩስ ነበር።»

ስትመለስ ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር። ጠረጴዛዋ ላይ ባዶ ወረቀት አስቀምጣ በእጇ መጻፍ ጀመረች፤ በኮምፒውተር ብትጽፈው ድፍረቱ የሚጠፋባት ይመስል። አንደኛው ገጽ ላይ ታንጁ የፈለገውን ቁጥር አሳምራ ጻፈች። ሁለተኛው ገጽ ላይ ወረቀቱ ለምን እንደተገዛ፣ ከተሸጠ ምን እንደሚቀር፣ የዛሬ ሦስት ዓመት የወረደውና ዛሬ የወጣው ቁጥር እያንዳንዱ በሌላ በኩል ምን እንደነበረው ጻፈች።

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። በጠረጴዛው ራስ የተቀመጡት የቦርድ አባሏ ወይዘሮ ሙዘየን ናቸው፤ ከአርባ ዓመት በፊት ከገንዘብ ተቀባይ መስኮት የጀመሩ፣ እስካሁን ወረቀት ሲገልጡ ጣታቸውን በምላሳቸው የሚያርሱ ሴት። ታንጁ አምስት ደቂቃ በሚያምር አነጋገር ተናገረ። ሙዘየን የሱን ቃል በአንድ ጆሯቸው እየሰሙ የኔርሚንን ሁለት ገጽ አነበቡ፤ ሁለተኛውን ደግመው አነበቡት። ከመስኮቱ ውጭ ጉሙ እየተነሳ ነበር፤ ከሩቅ የባሕሩ ቁራጭ እንደ ቆርቆሮ አበራ።

«እስቲ ለኔ እንደ ገንዘብ ተቀባይ ንገሪኝ» አሏት። «ይሄንን ሸጠን ወለድ ሦስት በመቶ ቢጨምር?»

«የቤት ብድሩ ዛሬ በሚያደርስብን ኪሳራ ላይ በየወሩ አሥር ሚሊዮን ይጨመርብናል፤ እስከ ሰባት ዓመት። ለንደኖቹ ዛሬ የሚሰጡን ገንዘብ የነዚያ ሰባት ዓመታት መክፈያ ነው። ትርፍ ብለን አሁን ከተካፈልነው ያኔ በእጃችን የለም።»

«ወለድ ቢወርድስ?»

«ወረቀቱ ዋጋ ያጣል፤ ተቀማጩም ይረክስልናል። አንዱ የሚያጎድለውን ሌላው ይሞላዋል። የዛሬ ሦስት ዓመትም እንደዚሁ ነበር።»

ታንጁ ፈገግ አለ። «የዛሬ ሦስት ዓመት ይህን አላልሽማ።»

«አላልኩም» አለች ኔርሚን። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ወጣ። «ሁለተኛ ገጽ ነበረው። ቁጥሩን ብቻ ጻፊ ተባልኩ፤ እሱን ብቻ አያያዝኩ።»

ወይዘሮ ሙዘየን መነፅራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ፤ ድንገት በጣም ያረጁ መሰሉ። «ወረቀቱን የገዛው ማን ነበር?» ሲሉ፣ «ወንድሜ። ራሲም» አለች። «ያኔ የቀረበው አንደኛ ገጽ ላይ የኔም ፊርማ አለበት» አሉ ሙዘየን፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ድምፅ ለመስጠት እጅ እንዲያወጡ ጠየቁ። ሦስት ለሁለት ሆነ። ወረቀቱ አይሸጥም።

ታንጁ ከሊፍቱ ፊት ደረሰባት። ሽቶው አሁንም ጣፋጭ ነበር። «ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ወንበር ፈልጊ» አላት በቀስታ። «ወንድምሽን ግን ሁለተኛ ጊዜ ቀበርሽው። እኔ አልቀበርኩትም በይ እስቲ አሁን።» በሊፍቱ መስታወት የራሷን ፊት እያየች እስከ ምድር ቤት ወረደች። ራሲም ወደ ባንኩ ሊመልሱኝ ነው ብሎ ተስፋ አድርጎ ቢሆንስ፣ መሰላሉ ላይ ሆኖ ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ያለው ለዚያ ቢሆንስ? ከሂሳቡ አውጪኝ ያለው እሷን ለማቅለል ብቻ ቢሆንስ? በጎዳናው ላይ ሰው ሁሉ ከጉሙ በኋላ የወጣውን ፀሐይ ለማየት ዓይኑን እያጠበበ ይሄዳል፤ እሷ የት እንደረገጠች ሳታውቅ ወደ ወደቡ ወረደች።

እቤት ስትገባ የምስር ሾርባ ሽታና የቴሌቪዥን ጩኸት ተቀበላት። እናታቸው ሶፋው ላይ ናቸው፤ ራሲም ሎሚ ይቆርጣል። እራት ቀረበ። ስለ ዳቦው ተወራ፤ ከትናንት ያነሰ ነው፣ ዋጋው ያው። ስለ ኪኒኑ ተወራ። ከዚያ እንደ ወትሮው ዝምታው መጣና ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ኔርሚን ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ አልተሸጠም» አለችው። «አንተም አትመለስም።»

ራሲም ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ ሎሚውን ሾርባዋ ላይ ጨመቀላት።

«ሌላም አለ። ያኔ ወረቀቱ ለምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ጽፌውም ነበር። ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ፈርቼ ነው መሳቢያ ውስጥ የተውኩት።»

ቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት ሴት ትዘፍናለች። ራሲም እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ አንድ አንድ ጣቱን፣ ቀስ ብሎ። ኔርሚን ሳህኗን እንጂ እሱን ማየት አልቻለችም።

«እንደምታውቂማ አውቅ ነበር» አለ። «ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁ?»

«ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አልከኝ?»

«አንቺ እስክትነግሪኝ ነዋ!» አለ፤ ድምፁ ከሦስት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ፣ ቁጣም ነበረበት፤ ዓይኑም ረጠበ። «በየጠዋቱ በሩ ላይ የምቆመው ምን ብዬ ይመስልሻል? ዛሬ ዞር ትላለች፣ ዛሬ ዞር ትላለች እያልኩ! ስንት ቀን ነው ሂጂና ቁጠሪው!»

እናታቸው ከሶፋው ተነሡ። «ምንድን ነው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ እማዬ» አለ ራሲም። አሮጊቷ ሁለቱንም አፈራርቀው አዩ፤ ከዚያ ሄደው ቴሌቪዥኑን አጠፉትና ወንበር ስበው የሚሰማውን ጆሯቸውን ወደ እነሱ አዙረው ተቀመጡ። ቤቱ እንዲህ ፀጥ ብሎ አያውቅም ነበር። የማቀዝቀዣው ድምፅ እንኳ ተሰማ። ኔርሚን ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች፣ ራሲም ጨርቁን ገፋላት፤ የሎሚ ሽታ ነበረው።

«በይ» አላት ወንበሩን ወደ እሷ አስጠግቶ። «ሙዘየን ምን አለች? ምንም ሳታስቀሪ። ታንጁ ፊቱ ምን መሰለ?»

ኔርሚን መናገር ጀመረች። የሰኞውን ነገር፣ ታንጁ ሌላ ወንበር ፈልጊ ያላትን፣ ለመጨረሻ አቆየችው።